ዓሣም ሜዳ ይፈልጋል፤ ከአሜሪካው ባስ ለፊንጫ ሐይቅ የሚተርፍ ትምህርት

አንድ ክለብ በክረምቱ የዝውውር ገበያ አስራ አንድ ኮከብ ቢያስፈርም፣ የሚጫወትበት ሜዳ ግን ጭቃ ከሆነና ተስፋ ቡድኑ ከተበተነ በሁለተኛው ዓመት የት እንደሚገኝ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ደጋፊው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለ ዓሣ ሲወራ ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ጫጩት ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ?» ብሎ ብቻ ነው። የተጨመረው ዓሣ የት ይደበቃል? የት ይራባል? ከተወለደውስ ስንቱ ያድጋል? እነዚህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ጥያቄው ለወለጋ ሰው ሩቅ አይደለም። ነቀምቴ ላይ ተቀምጦ የነቀምቴ ከተማን የከፍተኛ ሊግ ጨዋታዎች ሲከታተል የኖረ ደጋፊ፣ ወደ ሻምቡ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሆሮ ጉዱሩ ሲገባ ትልቅ ውሃ ያገኛል። ይህ የፊንጫ ሐይቅ ነው። ሐይቅ ይባል እንጂ በሰው እጅ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ቆሮሶም (ቲላፒያም) ከሌላ ውሃ መጥቶ የገባ ነው። በአጭሩ ሜዳውም ተጫዋቹም አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ዓሣ እንዴት እንደሚተርፍ በብዛት የተጠናው ደግሞ እዚህ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ነው። የተጠናበትም ምክንያት ስፖርት ነው።

ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ለአንድ ሻምፒዮን

አሜሪካኖች «ላርጅማውዝ ባስ» የሚሉት ዓሣ አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው አፈ ሰፊ ነው። ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ሳርና ጉቶ ጥግ ተደብቆ ጠብቆ ሌላ ዓሣ የሚውጥ አዳኝ ነው። ይህን ዓሣ በመንጠቆ መያዝ እዚያ አገር እንደ ትልቅ ስፖርት ይቆጠራል። ሊግ አለው፣ ስፖንሰር አለው፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል።

የውድድሩ ቁንጮ «ባስማስተር ክላሲክ» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ቦታው በኔቫዳ የሚገኘው ሚድ ሐይቅ ነበር። እሱም እንደ ፊንጫ ሁሉ የግድብ ሐይቅ ነው፤ የፈጠረው ታዋቂው ሁቨር ግድብ ነው። የያኔው አሸናፊ ቦቢ መሪ 10 ሺህ ዶላር ይዞ ሄደ። የቅርብ ዓመታት ሻምፒዮን ግን 300 ሺህ ዶላር ያፍሳል። ሪክ ክለንና ኬቨን ቫንዳም ዋንጫውን አራት አራት ጊዜ በማንሳት የክብረ ወሰኑ ባለቤቶች ናቸው።

በዚህ ስፖርት እንደ ኳሱ ሁሉ የሚያከራክር ሪከርድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ የተባለ የጆርጂያ ሰው 10 ኪሎ ከ90 ግራም የሚመዝን ባስ አወጣ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና ዓሣው ተመዝኖ ለቤተሰቡ ምግብ ሆነ። ሪከርዱ 77 ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ከቢዋ ሐይቅ 10 ኪሎ ከ120 ግራም ያህል የሚመዝን አወጣ። ዓለም አቀፉ ማኅበር ግን ልዩነቱ ደንቡ ከሚጠይቀው በታች ነው ብሎ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። ለ30 ግራም ያህል ልዩነት የሚደረግ ክርክር ከኦፍሳይድ መስመር ክርክር ብዙም አይተናነስም።

ገንዘቡ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ዓሣው እንዳያልቅ መጠበቅ ግድ ሆነ። የውድድሩ መሥራች ሬይ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1972 ተወዳዳሪዎች ያጠመዱትን እንዳይገድሉ ዘመቻ ጀመረ። ዓሣው ጀልባው ላይ በተሠራ የውሃ ገንዳ ይቀመጣል፣ ይመዘናል፣ ተመልሶ ይለቀቃል። ሞቶ የቀረበ ዓሣ ከተወዳዳሪው ክብደት ላይ ያስቀንሳል። ይሁንና የተለቀቀው ሁሉ ይተርፋል ማለት አይደለም። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ሚዛን ላይ በሕይወት የነበረ ዓሣ ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል፤ ውሃው በሞቀ መጠን ደግሞ ሟቹ ይበዛል።

አባት በረኛ ሲሆን

ተመራማሪዎቹ ስለ ባስ ካወቁት ሁሉ ለኳስ ተመልካች የሚቀርበው የአባትየው ነገር ነው። የመራቢያ ጊዜ ሲደርስ፣ ውሃው ወደ 15 ወይም 16 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ወንዱ ወደ ዳርቻ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል ባልበለጠ ጥልቀት ላይ በጅራቱ አሸዋውን ወይም ጠጠሩን እየጠረገ ክብ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ጎሉን የሚጠብቀው አባት ብቻ ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም በቡድን መዋኘት ጀምረው እስኪጠነክሩ ድረስ ለሳምንታት አይለይም። በደንብ አይበላም። የሚመጣበትን ሁሉ ያባርራል።

አሁን ይህን በረኛ ከጎሉ አውጡት። በካናዳ ኦንታሪዮና በአሜሪካ ሐይቆች የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ውጤት አስደንጋጭ ነው። አጥማጁ አባትየውን ለደቂቃዎች ብቻ ይዞ ቢለቀው እንኳ ትናንሽ ዓሦች በዚያች ክፍተት ጎጆውን ይወሩታል። አባት ሲመለስ የቀረው እንቁላል ጥቂት ከሆነ ጥሎት ይሄዳል። «ይዤ ለቀኩት እኮ፣ ምን አጠፋሁ?» የሚለው አጥማጅ ሳያውቀው የአንድ ጎጆ ትውልድ አጥፍቷል ማለት ነው። በአንዳንድ ቦታዎች በመራቢያ ወቅት ባስ ማጥመድ የሚከለከለው በዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ስለ ሳር ነው። ጫጩት መደበቂያ ይፈልጋል፣ አዳኝ ደግሞ መሮጫ። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ የሳቪኖና ስታይን ሙከራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በአንድ ስኩዌር ሜትር ውስጥ ምንም ግንድ ከሌለበት አንስቶ እስከ 1,000 የሰው ሠራሽ ሳር ግንድ ድረስ እያደረጉ ባስ ትናንሽ ዓሦችን ሲያድን ተመለከቱ። ግንዱ ወደ 250 ሲደርስ የባሱ አደን በእጅጉ ቀነሰ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሳር ጨርሶ ከሌለ ጫጩቱ ያልቃል፤ ሳሩ ሐይቁን ሙሉ ከሸፈነው ደግሞ ትልቁ ዓሣ ይራባል። መሃል ላይ ያለ፣ እዚህ ሳር እዚያ ክፍት ውሃ የሆነ ዳርቻ ለሁለቱም ይበጃል።

ሦስተኛው የውሃው ከፍታ ነው። የግድብ ሐይቅ ለመብራትና ለመስኖ ሲባል ከፍ ዝቅ ይላል። ጎጆው በተሠራ ማግስት ውሃው ከሸሸ እንቁላሉ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። በሚድ ሐይቅ ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ ገብተው የባስን አራባብና የጫጩቶቹን መትረፍ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ1975 ጥናት ያሳተሙት ለቀልድ አልነበረም። በተቃራኒው ውሃው ከፍ ብሎ የዳርቻውን ሳር ሲያጥለቀልቅ ጫጩቱ መደበቂያም ምግብም ያገኛል፤ ያ ዓመት ጥሩ ትውልድ ይሰጣል። አዲስ ግድብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣ በዓሣ የሚሆነው፣ ቆየት ሲል ግን የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የተዋጠው ሳርና ዛፍ ይበሰብሳል፣ ደለል ይገባል፣ ዳርቻው ራቁቱን ይቀራል።

አንድ አስገራሚ ነገር ይጨመር። ኢሊኖይ ውስጥ ሪጅ ሌክ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሚያዘው ባስ ሁሉ ምልክት እየተደረገበት ይለቀቅ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሐይቁ ሲደርቅ ከ1,700 በላይ ዓሦች ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ 200 ያህሉ አንድም ቀን ተይዘው አያውቁም። ሌላው ግን በአንድ ዓመት 16 ጊዜ ተይዟል! ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ዓይነቶች ለየብቻ እያራቡ ለዓመታት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት በመንጠቆ በቀላሉ የመያዝ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። በቀላሉ የሚያዙት ወንዶች ደግሞ ልጆቻቸውን በትጋት የሚጠብቁት ሆነው ተገኙ። ጎበዙን በረኛ ለቅመን ስናበቃ ሐይቁ የሚቀረው ከሰነፎቹ ጋር ነው ማለት ነው።

ወደ ፊንጫ ስንመለስ

ፊንጫ ላይ ባስ የለም። ትምህርቱ ግን ይሠራል።

የፊንጫ ግድብ ሥራ ጀምሮ ኃይል ማመንጨት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ በፊት ቦታው የጮመን ረግረግ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የአመርቲ ውሃ ተጠልፎ ተጨመረበት። ቆይቶም የነሼ ግድብ ተሠራ። በተፋሰሱ ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚለው በፊንጫ ውሃ የተዋጠው 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ረግረግ፣ 120 የግጦሽ መሬት፣ 18 የእርሻ መሬትና ከአንድ ትንሽ ከፍ ያለ ደን ነው። ሲደመር 239 ያህል ይሆናል። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ታሪክ ደግሞ የሰው ነው። መሬቱ የተዋጠበት ገበሬ ወደ ዳገቱ ወጣ፣ ዳገቱ ታረሰ፣ የታረሰው አፈር በክረምት ጎርፍ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይገባል።

በዚህ ውሃ ውስጥ ቆሮሶ ገብቷል። በአጎራባቹ አመርቲም ዱባ የሚባለው ዓሣ (ካርፕ) ይገኛል፤ አራባቡን የሚመለከት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ለሆሮ ጉዱሩ ወጣቶች ዓሣው ሥራ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ በየከተማው ዓሣ የሚጠይቀው ሰው ይበዛል። ስለዚህ ጫጩቱ ተረፈ አልተረፈ የሚለው ነገር የሳይንስ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ቆሮሶ ከባስ በምን ይለያል? ወንዱ እንደ ባሱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። እንቁላሉን የምትጠብቀው ግን እናት ናት፤ በአፏ ውስጥ ይዛ! ለሁለት ሳምንት ያህል እየበላች አትቆይም። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ሲጀምሩም አደጋ ሲመጣ አፏን ከፍታ ታስገባቸዋለች። ይህ ለግድብ ሐይቅ ትልቅ ጥቅም አለው። ውሃው ሲሸሽ የባስ እንቁላል ደርቆ ይቀራል፤ የቆሮሶ እናት ግን ልጆቿን ይዛ አብራ ትሸሻለች። የዱባ ዓሣ ዕጣ ወደ ባሱ ያደላል። እንቁላሉን ዳርቻ ላይ ያለ ሳር ላይ ስለሚለጥፍ ውሃው ቶሎ ከወረደ ኪሳራ ነው።

ሆኖም የእናት አፍ የሚያሻግረው እስከ አጋማሽ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ጫጩቱ ብቻውን ነው፤ ሙቀት ያለው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ቄጠማና ሳር የበቀለበት ዳርቻ ያስፈልገዋል። ፊንጫ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ውሃ ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ወዳድ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ እድገቱ ይዘገያል፣ የሚራባበት ጊዜም ይጠባል። ስለዚህ ፀሐይ ቶሎ የሚያሞቀው ዳርቻ ለፊንጫ ቆሮሶ ከቆላው ሐይቅ ወንድሙ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ተስፋ ቡድኑ የሚለማመድበት ሜዳ ያ ነው።

ችግሩ ሰውም የሚፈልገው ያንኑ ዳርቻ መሆኑ ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት እርጥብ ነው፤ ለእርሻም ለከብትም ይመቻል። ገበሬው ቢያርሰው አይፈረድበትም፤ አባቱ መሬቱን ለግድቡ የሰጠ ሰው ነው። ነገር ግን እስከ ውሃው ጫፍ የታረሰ ዳርቻ ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሲሞላ ሳር ሳይሆን ልል አፈር ነው የሚያጥለቀልቀው። ጫጩቱ መደበቂያ ያጣል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቆሮሶ የሚበላው ረቂቅ አረንጓዴ ተክል ብርሃን ያጣል።

በዚህ ላይ ጠባብ ዐይን ያለው መረብ ሲጨመር ጨዋታው ያልቃል። በየትኛውም ሐይቅ ቢሆን ዳርቻ ላይ የሚጎተት መረብ ጉድጓዱንም ጫጩቱንም አብሮ ጠርጎ ይወጣል። ቆሮሶ ሲጨናነቅ ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው፤ ገና ትንሽ ሆኖ መራባት ይጀምራል። ዘሩ ይተርፋል፣ ገበያው ግን የመዳፍ ስፋት ያላት ዓሣ ይዞ ይቀራል። ሚዛን ላይ ስትወጣ ለአጥማጁ የምታስገኘው ብር ምን ያህል እንደሆነ እሱ ያውቀዋል።

ባስን እናስፈርመው?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ያንን ዶላር የሚያመጣ ዓሣ ለምን ወለጋ አናመጣውም?» ሊል ይችላል። ቱሪስት ይመጣል፣ ውድድር ይደረጋል፣ ሻምቡም ነቀምቴም ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ሲታይ ደስ ይላል። የሌሎች አገሮች ልምድ ግን ቀይ ካርድ ይመዛል።

ጎረቤት ኬንያ ባስን ናይቫሻ ሐይቅ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ለስፖርት ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአሜሪካ ክሬይፊሽ ገባ፤ ባሱ ተመገበው፣ ክሬይፊሹ ግን የውሃውን ተክል ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓሣው በጣም ከመመናመኑ የተነሳ ማጥመድ ታገደ። በዚያው ሰሞን ሳይታሰብ የገባው ካርፕ ተራብቶ ከጊዜ በኋላ ሐይቁን ወረሰው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ናይቫሻ ላይ አጥማጁ ይዞ የሚወጣው በአብዛኛው ካርፕ ነበር፤ ኮከብ ተብሎ የመጣው ባስ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ጓቲማላ ውስጥ የባሰ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 ለቱሪዝም ተብሎ አቲትላን ሐይቅ የገባው ባስ የአካባቢውን ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች ፈጀ። በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የምትኖር የውሃ ወፍ ምግቧን ካጡት አንዷ ሆነች፤ በኋላም ዘሯ ጠፋ። ጃፓንም ብትሆን፣ ያ የዓለም ሪከርድ የተያዘባት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባስን ሕይወቱ እንዳለ ማጓጓዝንና ወደ ውሃ መልቀቅን በሕግ ከልክላለች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባስን ከ100ዎቹ እጅግ ጎጂ ወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።

የፊንጫ ወንዝ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ዴዴሳና አንገርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ፣ ንጋት፣ የእነዚህ ወንዞች ሁሉ መድረሻ ነው። ላይ የገባ እንግዳ ዓሣ ታች አይደርስም ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረትም ከውጭ ሕይወት ያለው ዓሣ ማስገባት ያለ ፈቃድ አይቻልም። ሕጉ ያለምክንያት አልወጣም።

ያለውን ማሳደግ

ከባስ መውሰድ የሚገባው እንግዲህ ዓሣውን ሳይሆን ትምህርቱን ነው። ትምህርቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመራቢያ ወራት የተመረጡ ዳርቻዎችን ከመረብ ነፃ ማድረግ አንዱ ነው። የመረብ ዐይን ዓሣው አንዴ እንኳ ሳይራባ እንዳይይዘው ሰፋ ማድረግ ሁለተኛው ነው። ከውሃው ጫፍ ጥቂት ሜትር ሳርና ቄጠማ መተው ሦስተኛው ሲሆን፣ መሬቱን የሚተወው ገበሬ ደግሞ ከሳሩ አጭዶ የሚወስድበት ወይም ከዓሣው ድርሻ የሚያገኝበት መንገድ ካልተበጀለት አይሳካም። ግድቡን የሚያስተዳድረው ክፍልም ውሃ ሲለቅ ኃይል ማመንጨቱን ሳያጓድል በመራቢያ ሰሞን ድንገተኛ ማሽቆልቆል እንዳይኖር ማድረግ የሚችልበት ጊዜ ይኖራል።

የሚያጠና ሰውም ሩቅ አይደለም። ነቀምቴ ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሻምቡ ላይም ካምፓስ አለው። ሰበታ ላይ ደግሞ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ሪጅ ሌክ ላይ የተሠራው ሥራ መሠረቱ ምልክት፣ ሚዛን፣ መዝገብና ትዕግሥት ነበር። ፊንጫ ላይ አጥማጁ የያዘውን ዓሣ ርዝመት በየሳምንቱ የሚመዘግብ አንድ ደብተር እንኳ ቢኖር ከጥቂት ዓመት በኋላ ዓሣው እያነሰ ይሁን እያደገ በማስረጃ መናገር ይቻላል።

ስፖርቱስ? እሱም ይቻላል፤ ለዚያ ባስ አያስፈልግም። በመንጠቆ ቆሮሶና ዱባ መያዝ የራሱ ጥበብ አለው። ቅዳሜ ጠዋት በመንጠቆ የሚደረግ የወጣቶች ውድድር፣ ትንሹን መልሶ ትልቁን ብቻ መዝኖ፣ ለአሸናፊው ዋንጫ ሰጥቶ ማካሄድ ከቀበሌ የእግር ኳስ ውድድር የበለጠ ወጪ የለውም። እንዲህ ያለ ውድድር የለመደ ልጅ ጠባብ ዐይን ያለው መረብ ሲያይ ዝም አይልም።

ክረምት ሲገባ ሐይቁ መሙላት ይጀምራል። ውሃው ወደ ዳርቻ ሲወጣ የዘንድሮዎቹ ጫጩቶች አብረውት ይወጣሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ሳር ነው ወይስ የታረሰ አፈር? የሁለት ዓመት በኋላው መረብ የሚሞላውም ባዶ የሚወጣውም በዚህ ነው።